በጭስና በተን ስለሚባክነው ገንዘብ፤ የመሐንዲሱ የሰር ኦሊቨር ላይል ሥራ

አንድ ነጋዴ አንድ ኩንታል ስኳር ሲገዛ ዋጋው ከምን ከምን እንደ ተውጣጣ መመርመሩ አይቀርም። የመርከቡን ኪራይ፥ የጉምሩኩን ቀረጥ፥ የኢንሹራንሱንና የመጋዘኑን ወጪ አንድ በአንድ ያውቃል። ኩንታሉን ለመሥራት የተቃጠለው ነዳጅ ግን በፋብሪካው መዝገብ ላይ በአንዲት መሥመር ብቻ ተጽፎ ስለሚያልፍ፥ ልኩ ይህን ያህል መሆን ይገባው እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ስኳር ብቻ ሳይሆን ቢራና ሳሙና፥ የተነከረ ጨርቅ፥ የለፋ ቆዳ፥ ወረቀትም ጭምር በእንፋሎት ኀይል የሚሠሩ ዕቃዎች ናቸው። በእንፋሎቱ መንገድ ላይ የሚጠፋው ነዳጅ ዋጋውን የሚከፍለው በመጨረሻ ገዢው ነው፤ ካልሆነም የፋብሪካው ባለቤት ከትርፉ ይከፍለዋል።

ይህን ጥፋት በመቈጣጠር ዕድሜውን ያሳለፈው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሰር ኦሊቨር ላይል ነበር። የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ሲሆን (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ፥ ካልተለየ በቀር፥ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሞተው በ1961 ነው። የላይል ቤተ ሰብ አስቀድሞ በስኮትላንድ አገር በግሪኖክ ወደብ በመርከብና በስኳር ንግድ የታወቀ ነበር፤ ኋላም በለንደን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ዳር፥ ፕሌይስቶ በተባለው ሥፍራ የስኳር ማጣሪያ ፋብሪካ አቋቋመ። በቆርቆሮ እየታሸገ በየአገሩ የሚሸጠው ወርቃማ ሽሮፕ የወጣው ከዚሁ ፋብሪካ ነው። በ1921 ኩባንያው የቴት ቤተ ሰብ ከነበረው ተወዳዳሪ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ቴት ኤንድ ላይል ተባለ። ኦሊቨር ላይልም ሥራውን የተማረውና ያካሄደው በዚሁ በቤተ ሰቡ ፋብሪካ ውስጥ ነበር።

የስኳር ማጣሪያ የሚነግደው በጠባብ ልዩነት ነው። ጥሬ ስኳሩ ከሞቃት አገሮች በመርከብ ይመጣል፤ በውሃ ይሟሟል፤ በአጥንት ከሰል ውስጥ አልፎ ይነጣል፤ ከዚያም ያ ውሃ ሁሉ እንደ ገና በሙቀት ተኖ ስኳሩ ይረጋል። ስለዚህ ማጣሪያው በአንድ በኩል ውሃ ሲጨምር፥ በሌላው በኩል ያንኑ ውሃ ሲያተን የሚውል ነው ማለት ይቻላል። የጥሬ ስኳሩን ዋጋ የዓለም ገበያ ይወስነዋል፤ የተጣራውንም እንዲሁ። ለመሐንዲሱ የሚቀረው የመሻሻያ ቦታ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ሥራ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁ የድንጋይ ከሰሉ ፍጆታ ነበር።

ላይል ያስተማረውን ለመረዳት አስቀድሞ ስለ እንፋሎት ጠባይ አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። አንድ ኪሎ ውሃ ከ0 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 100 ኪሎ ካሎሪ ይበቃል። ያንኑ የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ሌላ 540 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋል፤ ይህም ሁሉ ሙቀት ሲገባበት በቴርሞሜትሩ ላይ አንዲት ዲግሪ እንኳ አይጨምርም። ሊቃውንቱ ይህን ስውር ሙቀት ይሉታል፤ እንፋሎቱም ቀዝቃዛ ነገር ነክቶ ወደ ውሃነት ሲመለስ የተበደረውን 540 ኪሎ ካሎሪ ሳያጎድል ይመልሳል። እንግዲህ ከጣራው ላይ ነጭ ተን እየተትጐለጐለ የሚወጣበት ፋብሪካ ከአምስት እጥፍ በላይ የሆነውን የሙቀቱን ክፍል ለሰማይ ያበረክታል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ተን ሲያይ ፋብሪካው በርትቶ የሚሠራ ይመስለዋል።

ይህን ስውር ሙቀት ደጋግሞ ማሠራት የጀመረው ላይል አይደለም። በ1806 በአሜሪካ በኒው ኦርሊየንስ ከተማ ከጥቁር ዘር ወገን የተወለደው ኖርበርት ሪልዩ በፓሪስ ከተማረ በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ፥ ገና የባርነት ዘመን ሳያልፍ፥ በ1843ና በ1846 የፈጠራ መብት ያገኘበትን የማትነኛ መሣሪያ ሠርቷል። የመሣሪያው ዘዴ እንደሚከተለው ነው። የሽንኮራው ጭማቂ በተራ በቆሙ በተዘጉ ጋኖች ውስጥ ይፈላል። እንፋሎት የሚሰጠው ለመጀመሪያው ጋን ብቻ ሲሆን፥ ከእርሱ የሚወጣው ተን ሁለተኛውን ያፈላል፤ የሁለተኛውም ተን ሦስተኛውን። የኋለኛው ጋን በፊተኛው ተን ሊፈላ የሚችለው አየሩ እየተሳበ ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው፤ ግፊት ሲቀንስ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና። ይህን የአዲስ አበባ ሰው ከማጀቱ ያውቀዋል፤ ከተማይቱ ከፍ ባለ ሥፍራ ላይ ስለ ሆነች ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፥ ባቄላውም ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል። በሦስት ጋኖች አንድ ኪሎ እንፋሎት ሦስት ኪሎ ለሚጠጋ ውሃ ይበቃል። በዓለም ላይ ያሉ የስኳር ፋብሪካዎች ሁሉ የቆሙት በዚህ ዘዴ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሰውየው ስም ግን በንግዱ ዓለም የሚገባውን ያህል አልታወቀም።

ላይል በዚህ ላይ የጨመረው የፋብሪካውን እንፋሎት ሁሉ እንደ አንድ የሒሳብ መዝገብ መመልከትን ነው። ከቦይለሩ በብርቱ ግፊት የሚወጣው እንፋሎት በቀጥታ ወደ ማፍያው ከመሄዱ በፊት በተርባይን ውስጥ አልፎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ፥ ከዚያም ግፊቱ የቀነሰው እንፋሎት ስኳሩን እንዲያፈላ ማድረግ አንዱን የድንጋይ ከሰል ሁለት ጊዜ ማሠራት ነው። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክን ብቻ በሚያመነጭ ጣቢያ ከድንጋይ ከሰሉ ሙቀት ከሦስት እጅ ሁለት እጁ የሚበልጠው ከማቀዝቀዣው ውሃ ጋርና በጭስ ማውጫው ይጠፋ ነበር። ሙቀት የሚፈልግ ፋብሪካ ግን ያን ትርፍ ሙቀት ለሥራው ያውለዋል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የእንፋሎቱና የኤሌክትሪኩ ፍላጎት በየሰዓቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ማወቅ ነው፤ ይህም የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

በጥቃቅኑም ነገር ቢሆን ሒሳቡ ቀላል አይደለም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ በ7 አትሞስፌር የጌጅ ግፊት የሚሠራ ተራ ቦይለር ይበቃል። የዚህ እንፋሎት ሙቀት 170 ዲግሪ ያህል ነው። እንፋሎቱ ሥራውን ጨርሶ ወደ ውሃነት ሲለወጥ፥ ያ የጋለ ውሃ ቦይለሩ ካወጣው ሙቀት አንድ አራተኛ ያህሉን ይዞ ይወጣል። ወደ ደጅ ቢለቀቅ ከ100 ኪሎው ውስጥ 13 ኪሎው ወዲያው ተመልሶ ተን ይሆናል፤ የቀረው በቦይ ይወርዳል። ይህ ውሃ ደግሞ ተጣርቶ የተዘጋጀና ቦይለሩን በድንጋይ ቅርፊት የማይጎዳ ንጹሕ ውሃ ነው። ወደ ቦይለሩ ታንከር ቢመለስ በየ6 ዲግሪው የነዳጁን ወጪ አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል። በቀን 1000 ሊትር ፈርነስ ኦይል የሚያቃጥል ፋብሪካ የቦይለሩን መግቢያ ውሃ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ቢያደርሰው በየቀኑ ከ90 እስከ 100 ሊትር ይተርፈዋል፤ በ300 የሥራ ቀን ውስጥ ይህ ከ27,000 እስከ 30,000 ሊትር ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፓምፕ፥ ቧንቧና ታንከር ነው።

ስቲም ትራፕ የተባለችው ትንሽ ዕቃም እንዲሁ ናት። ተግባርዋ ውሃውን አሳልፋ እንፋሎቱን መያዝ ነው። ከተበላሸች በሁለት መንገድ ትበላሻለች። ተዘግታ ከቀረች ማፍያው በውሃ ይሞላና ሥራው ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው ይጮኻል፥ መካኒኩም ፈጥኖ ይመጣል። ተከፍታ ከቀረች ግን እንፋሎቱ ሌሊትና ቀን ያልፋል፥ ሥራውም ይሠራል፥ የሚጮኽም የለም። ገንዘብ የሚያጠፋው ብልሽት ሁለተኛው ሆኖ ሳለ፥ በየፋብሪካው የሚጠገነው የፊተኛው ብቻ ነው። ልባስ የሌለው ቧንቧ፥ በደንብ ያልተጠመደ ፍላንጅ፥ አየር በዝቶ ወይም አንሶ የሚነድ እሳት፥ ሁሉም የዚሁ ዓይነት ናቸው።

የላይል ዕውቀት ከአንድ ፋብሪካ አልፎ የአገር ጉዳይ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ወደ ጦር ሠራዊት በመሄዳቸው ምርቱ ቀነሰ፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ፍላጎት ግን ጨመረ። በ1942 የነዳጅና የኀይል ሚኒስቴር ተቋቋመ። ነዳጅን ስለ መቈጠብ የሚመክር ኮሚቴ ከኢንዱስትሪ ሰዎች ተውጣጥቶ ይሠራ ጀመር፤ ለፋብሪካዎች መምሪያ ጽሑፎች ተበተኑ፥ ትምህርትም ተሰጠ። ስለ እንፋሎት የሚሆነውን መጽሐፍ እንዲጽፍ የታዘዘው ላይል ነበር። «የእንፋሎት ቁጠባ አጠቃቀም» የሚል ትርጉም ያለው ይህ መጽሐፍ በ1947 በመንግሥቱ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ።

ያ ዓመት ለእንግሊዝ አገር ክፉ ዓመት ነበር። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች በረዶ የባቡሩን ሐዲድ ዘጋው፤ የድንጋይ ከሰሉ በጕድጓዱ አፍ ተከምሮ እያለ ወደ ኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ሊደርስ አልቻለም። በፌብሩዋሪ ወር በብዙ ክፍላተ ሀገር ለኢንዱስትሪ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ተቋረጠ፤ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሠራተኛም ለጊዜው ሥራ ፈታ። ጦርነቱን ያሸነፈ አገር በነዳጅ እጥረት ፋብሪካውን ዘጋ። ከዚያ ክረምት በኋላ የፋብሪካ ባለቤቶች ስለ እንፋሎት የሚናገረውን መጽሐፍ በልዩ ጆሮ ቢሰሙት የሚያስደንቅ አይደለም።

መጽሐፉ ለፕሮፌሰሮች የተጻፈ አልነበረም። ወፍራም ቢሆንም ቋንቋው ግልጽ ነው፥ አልፎ አልፎም ቀልድ አለበት። የሚናገረው ቦይለሩን ለሚያነድደው፥ ቫልቩን ለሚከፍተው፥ ሒሳቡን ለሚፈርመው ሰው ነው። ላይል የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች የሚማሩበት ሌላም መጽሐፍ ጽፏልና፥ ለሠራተኛ መጻፍን ያውቅበት ነበር። በምርምር ሥራ የተሰማሩ ብዙ ሊቃውንት ለባልደረቦቻቸው ይጽፋሉ፤ የነዳጅ ጥፋት ግን የሚደርሰው በሊቃውንቱ ክፍል ሳይሆን በማሞቂያው ቤት ስለ ሆነ፥ የላይል ምርጫ ትክክለኛ ነበር ማለት ይገባል።

ለንግድ ሰው ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1949 የእንግሊዝ መንግሥት የስኳሩን ኢንዱስትሪ ለመውረስ ባሰበ ጊዜ፥ ቴት ኤንድ ላይል ኩባንያ «ሚስተር ኪዩብ» በተባለ የስኳር አንኳር ሥዕል አማካይነት ብርቱ ዘመቻ አካሂዶ ሐሳቡን ተቃወመ፤ ኢንዱስትሪውም ሳይወረስ ቀረ። ስለ ንብረት ጉዳይ ከመንግሥት ጋር እንዲህ የተሟገተው ኩባንያ ሰው፥ ስለ ነዳጅ ቁጠባ ግን የፋብሪካውን ዕውቀት ለተወዳዳሪዎቹ ሳይቀር በመንግሥት መጽሐፍ ገልጦ ሰጥቷል።

በ1952 በሎርድ ሪድሊ ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚቴ ስለ አገሪቱ የነዳጅ አያያዝ ሪፖርቱን አቀረበ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ደግሞ ለንደን ለአምስት ቀን በጭስና በጉም ተሸፈነች፤ ያን ጊዜ በተደረገው ግምት 4,000 ያህል ሰው ሞተ፥ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ቍጥሩን ከዚህ በጣም ከፍ ያደርጉታል። ጥቁር ጭስ ሳይነድ የሸሸ ነዳጅ ነውና፥ የጤናው ጉዳይና የነዳጁ ጉዳይ በአንድ ጭስ ማውጫ ተገናኙ። በ1954 የኢንዱስትሪን የነዳጅ ቁጠባ የሚያገለግል ብሔራዊ ድርጅት ተቋቋመ፤ መሐንዲሶቹም መለኪያ መሣሪያ በመኪና ጭነው ወደ የፋብሪካው እየሄዱ ይመረምሩና ይመክሩ ነበር። የድርጅቱን መቋቋሚያ ገንዘብ ያዋጡት በመንግሥት እጅ የነበሩት የድንጋይ ከሰል፥ የኤሌክትሪክና የጋዝ ድርጅቶች ናቸው። ሻጭ ደንበኛው ጥቂት እንዲገዛ ገንዘብ ሲያወጣ እምብዛም አይታይም፤ ነገር ግን ዕቃው ሲጎድልበት ለሁሉ ማዳረስ የሚችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። በዚሁ በ1954 ኦሊቨር ላይል ስለ ነዳጅ ቁጠባ አገልግሎቱ ሰር የሚለውን የክብር ማዕርግ ተቀበለ።

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሣ የቆየ ክርክር አለ። ዊልያም ጄቮንስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የእንፋሎት ሞተር በተሻሻለ ቍጥር የድንጋይ ከሰል ፍጆታ መጨመሩን እንጂ መቀነሱን አላየሁም ብሎ ነበር፤ ርካሽ የሆነ ኀይል ብዙ ፈላጊ ያገኛልና። ይህ ለአገር ጠቅላላ ፍጆታ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ታይቷል። ለአንድ ፋብሪካ ግን መልስ የሚሆን አይደለም፤ ከተወዳዳሪው ባነሰ ነዳጅ ያንኑ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ገበያውን ይይዛል፥ በጄቮንስም መጽሐፍ የሚጽናና ተሸናፊ አይገኝም።

ከላይል የሚበልጠው ጠላት ርካሽ ነዳጅ ነበር። በ1960ዎቹ የአረብ አገር ዘይት በዝቶ ዋጋው ሲረክስ የማሞቂያው ቤት መዝገብ በየቦታው ተዘነጋ። በ1973 መጨረሻ የዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ሲሆን፥ የተዘነጋው ትምህርት እንደ ገና ተፈለገ። ጃፓን ዘይቷን ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውጭ የምታስገባ አገር ስለ ሆነች በ1979 ሕግ አወጣች፤ ብዙ ነዳጅ የሚፈጁ ፋብሪካዎች በፈተና ያለፈ የኀይል ኀላፊ እንዲቀጥሩና ፍጆታቸውን እንዲያስታውቁ አስገደደች። በ2011 ደግሞ አይ ኤስ ኦ 50001 የተባለው ዓለም አቀፍ የኀይል አስተዳደር ደረጃ ወጣ። ወደ ውጭ ዕቃ የሚልኩ ነጋዴዎች ይህን ቍጥር ከገዢዎቻቸው ጥያቄ ውስጥ እየሰሙት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፥ ይህ የስኳር መሐንዲሶች ዕውቀት በ1954 በወንጂ ፋብሪካ በኩል ገብቷል። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው ይህ ፋብሪካና ከእርሱ ቀጥሎ የተሠራው የሸዋ ፋብሪካ ዘመናቸውን ጨርሰው በአዲስ ተተክተዋል። የአገዳ ፋብሪካ ከለንደኑ ማጣሪያ የሚለየው ነዳጁ ከአገዳው ጋር አብሮ መምጣቱ ነው፤ ከተፈጨው አገዳ ክብደት 30 በመቶ ያህሉ ባጋስ የሚባለው ምጣጭ ሆኖ ይቀራል፥ እርሱም በቦይለሩ ይነዳል። በእንፋሎት አያያዙ የተሻለ ፋብሪካ ምጣጭ ይተርፈዋል፥ ኤሌክትሪክም ሊሸጥ ይችላል፤ አያያዙ የከፋው ደግሞ አገዳ እየፈጨ ሌላ ማገዶ ይገዛል።

የቢራ፥ የሳሙና፥ የቆዳና የጨርቅ ፋብሪካዎች ግን ምጣጭ የላቸውም። ቦይለራቸው የሚነደው ብዙውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛ ነዳጅ ነው፤ ከ2022 ጀምሮም የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር ዋጋው እየከበደ መጥቷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2006 ዓ. ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቍጥር 810 ኤሌክትሪክን ለሚቈጣጠረው ባለሥልጣን የኢነርጂ ብቃትና ቁጠባን ጉዳይ ጭምር በኀላፊነት ሰጥቶታል። ሕጉ አለ፤ በየማሞቂያው ቤት የሚነበብ መለኪያ መኖሩ ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ረገድ አስመጪው ነጋዴ የራሱ ድርሻ አለው። ከውጭ የሚመጣ ያገለገለ ቦይለር በዋጋው ርካሽነት ብዙ ጊዜ ገዢ ያገኛል። በ80 በመቶ ብቃት የሚሠራ ቦይለር በቀን 1000 ሊትር የሚፈጅበትን ሥራ፥ ብቃቱ ወደ 70 በመቶ የወረደው ለመሥራት 1143 ሊትር ይፈልጋል። ልዩነቱ በ300 የሥራ ቀን 43,000 ሊትር ይጠጋል፤ ይህም የአንድ ዓመት ብቻ ሒሳብ ነው። የዚህን ልዩነት ዋጋ በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አስልቶ ከዕቃው የግዢ ዋጋ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ያሰፈረ አስመጪ ለደንበኛው የሚያቀርበው ደረሰኝ ብቻ አይሆንም። ከሻጩም የጭሱ ሙቀት የተለካበትን፥ የጭሱ ኦክሲጅን የተመረመረበትን የቅርብ ጊዜ ወረቀት፥ የቱቦዎቹንም የግፊት ፈተና ምስክር ወረቀት ጭነቱ ከወደቡ ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ ይችላል፤ እነዚህን ወረቀቶች የማይሰጥ ሻጭም ስለ ቦይለሩ የሚነግረው ነገር አለ ማለት ነው።